የጎጃም በረንዳዋ የጫጩት ክፍልና ጋሼ ሽፈራው

ጡረታዬን ለማስከበር የሄድኩ ቀን ቅጹን የምትሞላልኝ ልጅ የሥራ መደቤን ጠየቀችኝ። ከሱቁ የተጻፈልኝ ደብዳቤ «የእንስሳት መድኃኒት ሽያጭ ሠራተኛ» ይላል። እኔ ግን በዚያ ሱቅ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ስኖር መድኃኒት የሸጥኩበት ሰዓት ቢደመር ሁለት ዓመት አይሞላም። የቀረውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከእንቁላል በወጡ ማግስት ከሚመጡልን ጫጩቶች ጋር ነው። ይህን ስነግራት ልጅቷ ሳቅ ብላ «ታዲያ እትዬ አበራሽ፣ ጫጩት ጠባቂ ልበል?» አለችኝ። ቅር አላለኝም። እንደ ደብዳቤው ጻፊው ብያት ፈርሜ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ግን ያን ሥራ ምን ብዬ ልጠራው እንደምችል ሳስብ ቆየሁ። ስም አላገኘሁለትም። ያስተማሩኝን ሰውና ያየሁትን ግን መናገር እችላለሁ።

የተማርኩት የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት የገጠር ወረዳ ነበር። እዚያ እንስሳ ማለት በሬ ነው፤ ቢበዛ በግና አህያ። አንድ ቀን አንዲት እናት ስምንት የታመሙ ጫጩቶች በቅርጫት ይዘው፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው መጡ። አለቃዬ ቅርጫቱን ገለጥ አድርጎ አየና እኛ ብዙ ሥራ አለብን ብሎ መለሳቸው። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ምን እንደሆኑ ብጠየቅም አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ስለ ጫጩት የተማርነው ከአንድ ሳምንት አይበልጥም።

ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ አገባሁ። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ሰው ስለነበር ሥራዬን ለቅቄ መጣሁ። ሥራ ፍለጋ ስዞር፣ መርካቶ ዱባይ ተራ ልብስ የሚሸጥ የባለቤቴ ዘመድ ጎጃም በረንዳ አካባቢ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ወደሚሸጡ አንድ ሐጂ ላከኝ። ሐጂ ማስረጃዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «ከፊት ያለውን ሥራ በሳምንት ትለምጂዋለሽ። ከኋላ ያለውን የሚያስተምርሽ ግን ሌላ ሰው ነው። እሱ ካልወደደሽ እኔ ምንም ላደርግልሽ አልችልም» አሉኝ። ደመወዙ ከመንግሥቱ ትንሽ ከፍ ይል ነበር፤ እሱን ሰምቼ እሺ አልኩ። «እሱ» የተባሉት ሰው ማን እንደሆኑ እንኳን አልጠየቅሁም።

ክፍሏ ድሮ ከጎጃም የሚመጣ ቅቤና ማር ይከማችባት የነበረች መጋዘን ናት። ግድግዳዋ ስንት ጊዜ በኖራ ቢቀባም ዝናብ ሲመጣ የቅቤ ሽታዋ ይነሣል። ወደ እሷ የሚወስደው መተላለፊያ ግራና ቀኙ የመኖ ጆንያ የተደረደረበት ጠባብ መንገድ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ማለዳ ከማስፈልፈያው ጫጩት በካርቶን ተጭኖ ይመጣል። ገዢዎቹ እስኪወስዷቸው አንድም ሁለትም ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት እዚያ ይቆያሉ። የሰባተኛ ሰፈርና የኮልፌ ሴቶች፣ ከአውቶቡስ ተራ በቀጥታ የሚመጡ የክፍለ ሀገር ሰዎች፣ ግቢያቸው ውስጥ ሃምሳ መቶ ለማርባት የሚሞክሩ ጡረተኞች፣ ሁሉም በዚያች መተላለፊያ ያልፋሉ።

«እሱ» የተባሉት ጋሼ ሽፈራው ረዥም፣ ቀጭን፣ ካኪ ጋውናቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው በአንድ የመንግሥት ዶሮ እርባታ በጉልበት ሠራተኛነት ተቀጥረው እዚያው ሥራውን የለመዱ ናቸው። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። እኔ ማስረጃ ነበረኝ፤ የመጀመሪያውን ቀን ይህን ልባቸው ያውቀዋል ብዬ አስቤ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት። መተላለፊያውን አልፈን በሩ ጋ ስንደርስ መወርወሪያው ላይ እጃቸውን ጭነው ቆሙ። አልከፈቱም። ጥቂት ቆይተው ዘወር ሳይሉ «ምን ይላሉ?» አሉኝ።

«ጫጩት ናቸው፣ ይንጫጫሉ» አልኩ።

«ገና ነሽ» አሉና ከፈቱ።

ያን ቀን ድምፃቸውን ሲተረጉሙልኝ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። የተመቸው ጫጩት ድምፁ ዝቅ ያለና የሚቆራረጥ ነው፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። የበረደው ጩኸቱን ያቀጥነዋል፤ ሳያቋርጥም ይጮኻል። የታመመው ደግሞ ዝም ይላል። ክፍሉ በሙሉ ዝም ካለ መሮጥ ነው። በሩን ከመክፈትሽ በፊት ካልሰማሽ ግን አትሰሚውም፤ አንቺን ሲያዩ ሌላ ነገር ይናገራሉ ይሉኝ ነበር።

ካርቶኑ ሲመጣ እያንዳንዱን ጫጩት በእጃቸው ያነሡታል። እግሩን ጉንጫቸው ላይ ያስነኩታል፤ ጉንጭ ከእጅ ይልቅ ቅዝቃዜን ቶሎ ያውቃል። ሆዱን ገልብጠው እምብርቱ መዘጋቱን ያያሉ። ቂጡ ላይ ኩስ ደርቆበት እንደሆነ ለብ ባለ ውኃ በጥጥ አርሰው ያለሰልሱታል እንጂ አይላጡትም፤ ቆዳው አብሮ ይነሣል። በመጨረሻም ቀድሞ ለብ ተደርጎ ትንሽ ስኳር ከገባበት ውኃ ላይ ምንቃሩን ነከር ያደርጉታል። አምስት መቶም ቢሆን፣ ሰባት መቶም ቢሆን አንድ በአንድ። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ጊዜ ማባከን መስሎኝ መጠጫውን ካስቀመጥንላቸው ራሳቸው ያገኙት የለም ወይ አልኳቸው። እጃቸው ሥራውን ሳያቋርጥ «እናቱ ብትኖር ታሳየው ነበር። እናቱ የለችም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁም።

በሩ ሥር ሁለት ጥንድ የላስቲክ ጫማ ነበር። ጫማውን ሳይቀይር የሚገባ ሰው የለም። አንድ ቀን ሐጂ ብዙ ሺህ ጫጩት ሊያዝዝ የመጣ ትልቅ ደንበኛ ይዘው መጡ፤ ሰውየው የሚያብረቀርቅ ጫማ ተጫምቷል። ጋሼ ሽፈራው በሩ ላይ ቆመው በትሕትና ሰላምታ ሰጡትና ጎንበስ ብለው የላስቲኩን ጫማ እግሩ ሥር አስቀመጡለት። ሰውየው ሐጂን አየ። ሐጂ ደግሞ ቀድመው የራሳቸውን ጫማ ማውለቅ ጀመሩ። ከዚያ ሁሉ የገረመኝ የሐጂ ነገር ነበር፤ ገበያ የሚያውቅ ሰው፣ የማያውቀውን ለሚያውቀው እንዲህ ሲተው ከዚያ በፊት አላየሁም።

ጋሼ ሽፈራው ሰው ገንዘቡን ይዞ ስለመጣ ብቻ ጫጩት አይሰጡም። የት እንደሚያሳድራቸው፣ በምን እንደሚያሞቃቸው፣ ምን እንደሚያነጥፍላቸው ይጠይቃሉ። መልሱ ካልጣማቸው በጠመኔ ወለሉ ላይ ክፍሉን ይሥሉለታል፤ አምፖሉ እዚህ፣ መጠጫው እዚያ፣ ጥግ ጥጉን በካርቶን ክብ አድርግ፣ ጥግ ካገኙ ተደራርበው ይሞታሉ። ሰጋቱራ አንጥፍ እንጂ ጋዜጣ ብቻ አታንጥፍ፤ እግራቸው ሲንሸራተት ይከፈትና ዕድሜ ልካቸውን ሽባ ይሆናሉ። ከዚያ «ክፍሉን አሙቀህ ከነገ ወዲያ ና» ብለው ይመልሱታል። ሐጂ ያጉረመርማሉ። ሰውየው ግን ተመልሶ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል።

ስለ ሰባተኛ ሰፈሩ አናጢ ልንገራችሁ። ሰውየው ከጫጩቶቹ በየማለዳው አምስት ስድስት ሞተው ያገኛል። ሌላ ቦታ ሄዶ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ገዝቶ አጠጣቸው፤ ሞቱ ግን አልቆመም። ጋሼ ሽፈራው የሞቱትን እንኳን አላዩም፤ እኔን ይዘው ቤቱ ሄዱ። ክፍሉ ንጹሕ ነው። ሰጋቱራው ደረቅ ነው። መሐሉ ላይ ከሰል ተንደርክኳል፤ መስኮቱ በላስቲክ ተደፍኗል። አንድ ነገር እስካገኝ በዓይኔ ስፈልግ እሳቸው ተቀመጡ። ትንሽ እንደቆየን ራሴን ያዘኝ። አናጢውን አንተንስ ጠዋት ጠዋት ያምሃል ወይ ብለው ጠየቁት። የመኝታ ክፍሉን በር ወደነሱ ከፍቶ እንደሚተኛና በቀደም ራሱን አዙሮት እንደወደቀ ነገራቸው። ተነሡና የመስኮቱን ላስቲክ በገዛ እጃቸው ቀደዱት። ጫጩቶቹ መሞት አቆሙ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሱቁ በር ላይ ሲያያቸው ባርኔጣውን አውልቆ ነበር የሚያልፈው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ።

በሦስተኛው ዓመት የጋሼ ሽፈራው ወንድም ሞተና ወደ አገራቸው ሄዱ። ሁለት ወር ቆዩ። ክፍሏን ለእኔ ሰጥተውኝ ሲሄዱ ምንም ልዩ ነገር አላዘዙኝም፤ ስለተማመኑብኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰባተኛ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አሥር ሴቶች ማኅበር አቋቁመው አራት መቶ ጫጩት ከእኛ ወሰዱ። ሰብሳቢያቸው እትዬ ዘነበች ዕድሜያቸውን በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ፣ ደረታቸው አቧራውን መቻል አቅቶት ሐኪም ይተዉት ያላቸው ሴት ናቸው። ሌሎቹም እንደዚያው፣ ከዚህ ውጭ ሌላ የሚሞክሩት ነገር የሌላቸው ነበሩ። ክትባቱን እኔ ልሰጥላቸው ተስማማን።

ጋሼ ሽፈራው በየማለዳው የሱቁን ዘበኛ እንዴት አደርክ ብለው ሳይጨርሱ መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ፣ ስንት ሰዓት ቆየ ብለው ይጠይቁታል። ሁልጊዜ እሰማለሁ። የሁለት ሽማግሌዎች ወሬ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰኞ አርፍጄ መጣሁና ዘበኛው ሊያናግረኝ ሲጀምር በእጄ ሰላም ብዬው ሮጬ አለፍኩ። ፍሪጁ ይሠራል። እጄን ሰደድኩ፣ ይቀዘቅዛል። ክትባቱን በበረዶ አሽጌ ወደ ሰባተኛ ሄድኩ። ሴቶቹ ተራ ገብተው ጫጩቶቹን እያቀበሉኝ፣ ለእያንዳንዱ ዓይኑ ላይ አንዳንድ ጠብታ አደረግኩ። አራት መቶ ጠብታ። ከሳምንታት በኋላ የማጠናከሪያውንም ከዚያው ፍሪጅ ወስጄ ሰጠሁ። ኮርቼ ነበር የምሠራው።

በዓል ሲቃረብ የገጠር ዶሮ በየአቅጣጫው ወደ መርካቶ ገባ፤ ፈንግልም አብሮ ገባ። ፈንግል ዶሮ አርቢ ሁሉ ስሙን ሲሰማ የሚደነግጥለት በሽታ ነው። እትዬ ዘነበች ወሬውን ሰምተው ሱቁ ድረስ መጡ። የእናንተ ተከትበዋል፣ አትስጉ ብዬ መለስኳቸው። በአራተኛው ቀን ሁለት ዶሮ በቅርጫት ይዘው ተመለሱ። አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፣ አንደኛዋ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠማዝዟል። አይቼ አወቅሁ፤ ግን አላመንኩም። በሳምንት ውስጥ ከአራት መቶው ሃያ ሦስት ቀሩ።

ለሴቶቹ በሽታው ዘንድሮ ከብዶ ነው የመጣው አልኳቸው። እኔም እንደዚያ ለማመን እየሞከርኩ ነበር። እነሱ ግን ምክንያት ይፈልጉ ነበርና አገኙ። ከመካከላቸው አንዷ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ለበዓል አውራ ዶሮ ገዝታ ቤቷ አስራ ነበር። አንቺ ነሽ ያመጣሽብን ተባለች። ከማኅበሩ ሊያስወጧት እንደሆነ ሰማሁ።

ጋሼ ሽፈራው ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወጥተው ዘበኛው ጋ ሄዱ። ዘበኛው አልረሳም፤ ከዚያ ሰኞ በፊት ትራንስፎርመሩ ፈንድቶ ከዓርብ እስከ እሑድ ማታ መብራት አልነበረም። ልነግራት ነበር፣ ስትሮጥ አለፈች አላቸው። ጋሼ ሽፈራው ተመልሰው መጡና የመኖ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ፍሪጁ የቀዘቀዘው ክትባቱ ከሞተ በኋላ ነበር። እኔ አራት መቶ ዓይን ላይ ያንጠባጠብኩት ውኃ ነው።

«ዘነበች ይህን ታውቃለች?» አሉኝ።

አታውቅም አልኳቸው። ቀጥዬም መንገሩ ምን ይጠቅማል፣ የሞተ አይመለስም፣ ሐጂስ ምን ይላሉ ብዬ አንድ ሁለት ነገር ደረደርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ነገ ሌላ ጫጩት ያሳድጋሉ» አሉ። «ጥፋቱ የነሱ ከመሰላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በማይሆን ነገር ሲጠነቀቁ ይኖራሉ። ያቺንም ሴትዮ ያለ ጥፋቷ ያባርሯታል። ሄደሽ ንገሪያቸው። እኔም አብሬሽ እመጣለሁ።»

ከጎጃም በረንዳ እስከ ሰባተኛ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። በጋሪና በሸክም መሐል እየተጋፋን ሄድን። ሴቶቹ ባዶው ቤት ውስጥ ግድግዳውን በኖራ እየቀቡ ነበር። ያቺ እናት ከሌሎቹ ራቅ ብላ ለብቻዋ ትቀባለች። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ዘበኛውን ሳልሰማ ማለፌን፣ ፍሪጁን በእጄ ነክቼ ብቻ ማመኔን፣ ሁሉንም። ጋሼ ሽፈራው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ያቺ እናት ብሩሹን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሴቶቹ አንዷ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

እትዬ ዘነበች አተኩረው አዩኝ። ከዚያ «እኔ የሻገተ በርበሬ ሸጬ አውቃለሁ» አሉ። «ተመልሼ ሄጄ ግን ለማንም አልተናገርኩም።» ከዚያም ጫጩት እንደገና እንደሚያስገቡ፣ እኔም በየቀኑ እየመጣሁ እንደምከታተላቸው ነገሩኝ። ልመና አልነበረም፤ ትእዛዝ ነው። ሐጂ ሁለት ቀን አኮረፉኝ፤ በሦስተኛው ቀን አራት መቶ ጫጩት ያለ ዋጋ እንዲሰጣቸው አዘዙ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ስወጣ ሰባተኛ እየሄድኩ ማሞቂያቸውን አየሁ፣ ኩሳቸውን አየሁ፣ ምግብ መዋጣቸውን ከአንገታቸው ሥር እየዳበስኩ አረጋገጥኩ። እነዚያ አድገው እንቁላል ጣሉ። ያቺ እናት የመጀመሪያዎቹን ስድስት እንቁላሎች በመሐረብ ቋጥራ ሱቁ ድረስ አመጣችልኝ። ወስጄ ለልጆቼ ጠበስኩላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘበኛውን ሳልጠይቅ ገብቼ አላውቅም።

ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ማለዳ ጫጩት ገብቶ ስላደረ እንደ ልማዳችን በሩ ጋ ቆምን። ጋሼ ሽፈራው አዳመጡና ደህና ናቸው ብለው መወርወሪያውን ሊስቡ ጀመሩ፤ እኔ ግን ከመተላለፊያው ጀምሮ እየሰማሁ ነበር። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጩኸት። ስንገባ አምፖሉ ተቃጥሎ ጫጩቶቹ በአንድ ጎን ተደራርበዋል። ጋሼ ሽፈራው እነሱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። አምፖሉን ቀየርን፣ የተደራረቡትን ለያየን፣ ከሥር ያሉትን በእጃችን አሞቅናቸው።

ያን ሳምንት በዓይኔ ተከታተልኳቸው። ከኋላቸው ሲጠሩ አይዞሩም። ሰው ሲያናግራቸው አፉን ነው የሚያዩት። ሐጂ ካወቁ ያሰናብቷቸዋል ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው መሄድን እንዳይመርጡ ፈራሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ጫጩት በገባበት ቀን በሩ ጋ ስንደርስ እጃቸውን መወርወሪያው ላይ ጭነው ቆሙ። አልከፈቱም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ይህን ከዚያ በፊት አድርገውት አያውቁም።

«ምን ይላሉ?» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ፈተና አልነበረም። አፌ እንዲታያቸው ቀና ብዬ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ይቆራረጣል፣ በግራ በኩል ግን አንዷ ለብቻዋ ትጮኻለች አልኳቸው። ከፈቱ። በቀጥታ ወደ ግራ ሄደው ከካርቶኑና ከግድግዳው መሐል የተቀረቀረችውን አንሥተው እግሯን ጉንጫቸው ላይ አስነኩ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እንደዚያ ሠራን። በእጃቸውና በዓይናቸው የሚያውቁት ከእኔ ጆሮ ጋር ተደምሮ ክፍሏ አንድም ቀን አልጎደለባትም። ለማንም አልተናገርንም፤ እርስ በርሳችንም ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። በመጨረሻ በቃኝ ብለው ሐጂን ሲሰናበቱ ጆሮአቸው እንደማይሰማ ያን ጊዜ ነገሯቸው። ሐጂ ከመቼ ጀምሮ ብለው ጠየቁ። ጋሼ ሽፈራው በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እሷ ታውቃለች አሉ።

ከሳቸው በኋላ ክፍሏን እኔ ያዝኩ። ሐጂ ሥራውን ለልጃቸው አስረክበው ልጃቸው ደግሞ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ቀጠረ። ዶክተሯ ሴት ናት፤ ከመጀመሪያ ልጄ ታንሳለች። በመጣች በወሩ ለሁሉም ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በውኃ የምንሰጠውን የመከላከያ መድኃኒት ማቆም እንዳለብን ነገረችኝ። ላልታመመ የሚሰጥ መድኃኒት ሲታመሙ እንዳይሠራላቸው ያደርጋል አለች። ያ ከጋሼ ሽፈራው የተማርኩት ነው። ደሜ ፈላ። እንሞክር አለችኝ፤ አንዱን ካርቶን በእኔ አንዱን በእሷ መንገድ ያዝን፣ ደጋገምነው። ልዩነት የለም። ንጽሕናውና ሙቀቱ ነበር የሚያድናቸው። ለጋሼ ሽፈራው ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ፈገግ ብለው «ስንቱን ዓመት በከንቱ አጠጣናቸው» አሉና ልጅቷን ይዤላቸው እንድመጣ ጠየቁኝ። ይዣት ሄድኩ። ግማሽ ቀን ሙሉ እሳቸው ሲጠይቋት፣ እሷ በወረቀት እየጻፈች ስትመልስላቸው ዋሉ።

ዛሬ ያቺ መጋዘን የለችም። አካባቢው ፈርሶ እየተሠራ ነው፤ ጫጩቱም መርካቶ ሳይገባ ከማስፈልፈያው በቀጥታ ወደ አርቢው ይሄዳል። ዶክተሯ ሥራውን በስልክና በመኪና እየዞረች ትሠራለች፤ ጎበዝ ናት፤ እኔ በሷ ዕድሜ ከማውቀው አሥር እጥፍ ታውቃለች።

የጋሼ ሽፈራውን የመጨረሻ ነገር ሆን ብዬ አቆይቼዋለሁ። ታመው የተኙ ሰሞን አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በቀኝ ጆሮአቸው በኩል ቀርቦ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ትንሽ ይሰማቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ወንበር ሰጡኝና ጎንበስ ብዬ የሱቁን ወሬ ነገርኳቸው። ጠዋት የመጣው ጫጩት ደህና እንደሆነ፣ ከስድስት መቶው ሁለት ብቻ ሞተው እንደመጡ ነገርኳቸው።

«ምን ገደላቸው?» አሉኝ።

አላወቅሁም አልኳቸው። ከፍተሽ አላየሽም ወይ አሉ። ሁለት ብቻ ናቸው ብዬ ተውኩት አልኩ።

«ሁለት ብቻ ናቸው ብለሽ» አሉ፤ አልተቆጡም፤ ሳላቸው እስኪለቃቸው ጠበቁ። «ነገ ክፈቻቸውና መጥተሽ ንገሪኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን በምላጭ ከፈትኳቸው። ሆዳቸው ውስጥ ያለው አስኳል ሰውነታቸው ገብቶ ማለቅ ሲገባው እንዳለ ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ ይሸታል። እምብርታቸው አልተዘጋም። እንቁላሉ ሲፈለፈል ቆሻሻ ገብቶባቸዋል ማለት ነው። ከሁለት ላይ እንደማይቆም ስለገባኝ ስድስት መቶውን አንድ በአንድ ገልብጬ እምብርታቸውን አየሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ምርመራ ለካ በችኮላ ነበር ያደረግኩት። አሥራ አንድ አገኘሁ። ለየኋቸው፣ እምብርታቸውን በአዮዲን ቀባሁ፣ ዶክተሯ መድኃኒት አዘዘችላቸው፤ ወደ ማስፈልፈያውም ደውላ ነገረቻቸው። ያልታዩ ቢሆን ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ስንቱን ቤት በበከሉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሼ ሽፈራው ቤት ስሄድ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው መንገድ ላይ እየተለማመድኩ ነበር። ወደ ቅያሱ ስታጠፍ ድንኳን ሲተክሉ አየሁ።

ገብቼ እትዬ ሙሉን አቅፌ አለቀስኩ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሰው ይገባል ይወጣል። እትዬ ሙሉ ፊታቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ጠዋት ሲጠብቅሽ ነበር» አሉኝ። «አበራሽ መልስ ይዛ ትመጣለች ይለኝ ነበር። ምንድን ነው የገደላቸው?»

እዚህ፣ በለቅሶ መሐል፣ ይህ የሚነገር መስሎ አልታየኝም። እሳቸው ግን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ነገርኳቸው፤ ስለ አስኳሉ፣ ስላልተዘጋው እምብርት፣ ስድስት መቶውን ስለ መገልበጤ፣ ስለ አሥራ አንዱ። እትዬ ሙሉ በሕይወታቸው ጫጩት ነክተው አያውቁም፤ የሚያውቁት ያን ሁሉ ዓመት ያጠቡትን ካኪ ጋውን ሽታ ብቻ ነው። ሳያቋርጡኝ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አሥራ አንዱ ይድናሉ?» አሉ።

«ዘጠኙ ይድናሉ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሡ። ጋሼ ሽፈራው ወደተኙበት ክፍል ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አልጋው ዳር ተቀምጠው በባለቤታቸው ቀኝ ጆሮ በኩል ጎንበስ ሲሉ አየኋቸው።